ደፍ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።
ቀጭኑ ክር ከፍ ብሎ ጣቴን ቢከረክረው፣
መብራት በጠፋበት ማታ፣ በእህቴ የጥፍር ሞረድ፣
ትንሽ ዝቅ ይበል ብዬ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ስሞርድ
ልኩን አለፍኩት።
ከዚያ ወዲህ ጣት ካረፈበት ደህና ይናገራል፤
ባዶውን ስነካው ግን
ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ጢንዚዛ ጢዝ ይላል።

በሰኔ ካፊያ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ወረድኩ፣
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል።
የጋሽ ዘርጋው ቤት የለም። በነበረበት አጥር ቆሟል፤
ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ ገልባጭ መኪና ያጓራል።
ሎተሪ አዟሪው ነው ያመለከተኝ፦
«ከዚያ ፎቅ ሥር፣ ደረጃው እጥፍ የሚልበት፣
አጥንት አጥንት የሚሸትበት።»

ጊታሩን ተቀበሉኝ፤ አልመቱትም።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
በአንድ ዓይን፣ እንደ አነጣጣሪ፣ አንገቱን ቁልቁል አዩት።
ክሩን ሦስተኛው ብረት ላይ ተጫኑና
ከደረት ኪሳቸው የሎተሪ ቲኬት አውጥተው
በአንደኛው ብረት አናት ሊያሾልኩ ሞከሩ።
እምቢ አለ።
«ማን ነው የሞረደው?»
ዝም አልኩ።
«መቼም ጥፍሩ አምሮበት ይሆናል።»

ሌላው ሰው በፈረንጅ ስሙ ይጠራዋል፤
እሳቸው ደፍ ይሉታል።
«ክር ከጓዳ ወጥቶ ወደ ሳሎን የሚሻገርበት።
ከፍ ያለ ደፍ እንግዳ ይጥላል፣
ዝቅ ያለ ጎርፍ ያስገባል።
ያንተ ቤት ጎርፍ ገብቶበታል።»

የአጥንት ዱቄት በሱፐር ግሉ ለውሶ መድፈን ይቻል ነበር፤
«እሱ የተሞላ ጥርስ ነው» አሉ፣ «ከርሞ ያስለቅስሃል።»
ከዱቄት ወተት ጣሳ አንድ ቁራጭ ቅልጥም መዘዙ፤
ሦስቴ በአመድ ውኃ ተቀቅሎ፣ ጣራ ላይ ከርሞ የነጣ፣
ከወልደየስ ሥጋ ቤት፣ ከመፍረሱ በፊት የመጣ።
«ሥጋውን የበሉት የበሉበትን ቀን እንኳ ረስተዋል፤
አጥንቱ ግን ገና ሥራ አልጀመረም።»

ሞረዱ ኸሽ... ኸሽ... የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ።
ነጭ ብናኝ ጉልበታቸው ላይ፣ ጺማቸው ላይ፣ ሻዬ ላይ።
ከውጭ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው!»
እሳቸው ለሁለት በተሰነጠቀ እርሳስ
ስድስት ቦታ ጭረት አደረጉ።
እኩል አልመሰለኝም፤ ተናገርኩ።
«ክር እኩል አይደለም» አሉ፤ «አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤
እኩል የሚሆነው በመሀላቸው ያለው ባዶ ነው።»

ከዚያ በአሮጌ ክር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው
እያንዳንዱን ቦይ ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልፎቹ፣
ውኃ እንደሚያወርድ ጣራ አዘነበሉት።
ሁለት ሞረድ። ክሩን ማጥበቅ። ማየት። ማላላት።
አንድ ሞረድ። ደግሞ ማጥበቅ።
እኔ ያን ማታ አንዴም ቆም ብዬ አላየሁም ነበር።

የተቀመጥኩበት እንጨት መሀሉ በእግር ተበልቷል፣
እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል።
ስዳብሰው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ፦
«በሩን ሌላ ሰው ወሰደው። ቆርቆሮውንም።
እሱን ከመሬቱ ለመንቀል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።»

በመጨረሻ ቲኬቷ በብረቱና በክሩ መሀል አለፈች፣
ክሩን ለኮፍ አድርጋ።
ቦዩን በእርሳስ ጥቁረት አሹት፣
ባዶውን ክር አንዴ ብቻ ነኩት፤
ጠራ።
እስኪያልቅ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ።
ታክሲው በሩን ዘግቶ ሲነሳ ገና ነበር።

ሂሳብ ከፍዬ፣ ጊታሩን ላስቲኩ ውስጥ ስመልስ፣
ቲኬቷን ሳያጥፉ ወደ ደረት ኪሳቸው ሲከቷት አየሁ።
«ጋሽ ዘርጋው፣ ዕጣዋ መቼ ነው የሚወጣው?»
«ወጥቷል። አምና ይመስለኛል።»
«ቁጥሯን አዩት?»
«ለምን አየዋለሁ?» አሉ፤ «እኔ የገዛሁት ውፍረቷን ነው።»